ለሰርቢያ ስፖርት ሚኒስቴር፦ የቭርሻትስ ክለብ ታሪክ ከስፖንሰሩ ጋር አብሮ እንዳይሄድ

ግልጽ ደብዳቤ
ለሰርቢያ ሪፐብሊክ ስፖርት ሚኒስቴር፣ ቤልግሬድ
ግልባጭ፦ ለቭርሻትስ ከተማ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ በስፖንሰር ስም ሲጠሩ የኖሩ የትንንሽ ከተሞች የቅርጫት ኳስ ክለቦችን ታሪክና የታዳጊ ማሠልጠኛ ስለመጠበቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በአዲስ አበባ ታዳጊዎችን ቅርጫት ኳስ የማሠለጥን ኢትዮጵያዊ ነኝ። የአገርዎ ዜጋ ባለመሆኔ ከመሥሪያ ቤትዎ በመብት የምጠይቀው ነገር የለም፤ ነገር ግን በዚህ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ከሰርቢያ የተማርነው ብዙ ስለሆነ፣ በተለይም በሮማኒያ ድንበር አጠገብ የምትገኘው የቭርሻትስ ከተማ ክለብ ያለፈበት መንገድ ለብዙ አገር ክለቦች ማስተማሪያ ስለሚሆን፣ ታሪኩ ተበታትኖ እንዳይቀር በአክብሮት ልለምን ተነሥቻለሁ። የምለምነውም በስፖንሰር ስም ሲጠሩ የኖሩ የትንንሽ ከተሞች ክለቦች ታሪክ በየከተማው ስም ተሰብስቦ በመንግሥት ደረጃ እንዲመዘገብ፣ ወደፊትም አንድ ስፖንሰር ክለብ ሲይዝ የክለቡን ስም እንዳያስቀር፣ ሲለቅ ደግሞ የታዳጊ ማሠልጠኛውን ባዶ እጁን ጥሎ እንዳይሄድ የሚያስገድድ ደንብ እንዲወጣ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቭርሻትስ በባናት ሜዳ ዳርቻ፣ በወይን ተክል በተሸፈኑ ኮረብታዎች ሥር ያለች ከተማ ናት። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ ወደ 35 ሺህ ገደማ ነበር። የቅርጫት ኳስ ክለቡ የተመሠረተው በ1946፣ ጦርነቱ ካበቃ ገና አንድ ዓመት እንዳለፈ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ደጋፊው በተለወጠ ቁጥር ስሙም ሲለዋወጥ የኖረ፣ በዩጎዝላቪያ ዘመን ከታላላቆቹ ተርታ ያልተሰለፈ የአውራጃ ክለብ ነበር። ዕጣ ፈንታውን የለወጠው ከስፖርት ውጭ የሆነ ነገር ነው። በ1960 በዚያችው ከተማ ሄሞፋርም የተባለ የመድኃኒት ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ፋብሪካው አድጎ ከአገሪቱ ስመ ጥር ኩባንያዎች አንዱ በሆነ ጊዜ ገንዘቡንም ስሙንም ለክለቡ ሰጠ። የመንግሥታቱ ድርጅት በ1992 በጣለው ማዕቀብ ምክንያት የዩጎዝላቪያ ቡድኖች ከዓለም አቀፍ ውድድር ታግደው የኖሩበትን፣ የአገሪቱ ኢኮኖሚ የደቀቀበትን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው፣ እንዲህ ያለ ደጋፊ ማግኘት ለአንድ ትንሽ ከተማ ምን ማለት እንደነበር ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ፋብሪካው የምናገረው ወቀሳ አይደለም፤ ያለ እርሱ የሚጻፍ ታሪክም አይኖርም ነበር።

ያ ገንዘብ ያስገኘው ውጤት ግልጽ ነው። ክለቡ በ2001 ኮራች ዋንጫ ለተባለው የአውሮፓ ክለቦች ውድድር ፍጻሜ ደረሰና በስፔኑ ኡኒካሃ ማላጋ ተሸነፈ። ውድድሩ የተሰየመው በ1969 በመኪና አደጋ በለጋ ዕድሜው ለሞተው፣ የሶምቦር ተወላጅ ለሆነው ለታላቁ ራዲቮይ ኮራች ነበር፤ ዋንጫው በ2002 ስለቆመ፣ ቭርሻትስ ከመጨረሻዎቹ ፍጻሜዎች በአንዱ ላይ ተጫውታለች ማለት ነው። በእነዚያው ዓመታት በከተማዋ ሚሌኒየም የተባለ፣ አራት ሺህና ከዚያም በላይ ተመልካች የሚይዝ አዳራሽ ተሠራ። ክለቡ በ2005 በቤልግሬድ በተደረገው፣ የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ አገሮች ክለቦች በሚወዳደሩበት የአድሪያቲክ ሊግ ፍጻሜ፣ የቤልግሬዱን ታላቅ ክለብ ፓርቲዛንን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያው ዓመት መስከረም አገራችሁ የአውሮፓ ዋንጫን ስታዘጋጅ አንደኛው ምድብ ለቭርሻትስ ደረሰ፤ በኋላ የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ዲርክ ኖቪትስኪ ለጀርመን የምድብ ጨዋታዎቹን ያደረገው በዚያ አዳራሽ ነው። የከተማዋ ልጆች በዘመኑ ከነበሩት የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱን አውቶቡስ ሳይሳፈሩ ከሰፈራቸው በእግራቸው ሄደው ሊያዩት ቻሉ። እኔ እንደ አሠልጣኝ ከዋንጫው ይልቅ በዚህ እቀናለሁ።

ይሁን እንጂ የክለቡ ትልቁ ሥራ ያሳደጋቸው ልጆች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ሰኔ 26 ቀን 2003 በኒው ዮርክ የኤንቢኤ ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫ ሲካሄድ ክሊቭላንድ በአንደኛ ደረጃ ሌብሮን ጄምስን ወሰደ። ቀጥሎ የዲትሮይት ተራ ደረሰና የሊጉ ኮሚሽነር ዴቪድ ስተርን ወደ መድረኩ ወጥተው ዳርኮ ሚሊቺች የሚለውን ስም ጠሩ። ልጁ የኖቪ ሳድ ተወላጅ ሲሆን 18 ዓመት ከሞላው ገና ሳምንት አልሆነውም ነበር፤ የመጣውም በቀጥታ ከቭርሻትስ ክለብ ነው። ካርሜሎ አንቶኒ፣ ክሪስ ቦሽና ድዌይን ዌድ የተጠሩት ከእርሱ በኋላ ነው። ሚሊቺች በአሜሪካ የተጠበቀበትን ያህል እንዳልሆነ፣ ከጨዋታ ከተገለለ በኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ ወደ ፍራፍሬ ልማት እንደገባ ይታወቃል፤ ብዙዎችም ስሙን የሚያነሡት ለመሳለቅ ነው። እኔ ግን ይህን አልቀበልም። 35 ሺህ ሰው በሚኖርባት ከተማ የሚገኝ ክለብ 2 ሜትር ከ13 የሚሆን ልጅ ይዞ፣ ኳስ እያንጠባጠበ መሄድንና በሁለቱም እጁ መጨረስን አስተምሮ፣ የዓለም ታላቁ ሊግ ሁለተኛ አድርጎ እስኪመርጠው ማድረሱ ለአሠልጣኞቹ ክብር ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው በሌላ አገር፣ በሌሎች ሰዎች እጅ ነው።

ሚሊቺች ከሄደ በኋላም ምንጩ አልደረቀም። ከ2 ሜትር ከ20 በላይ የሚረዝመው ቦባን ማርያኖቪች የጎለመሰው በዚያው ክለብ ነው። የከተማዋ ተወላጅ ሚላን ማችቫን በ2007 ሰርቢያ በኖቪ ሳድ ከ19 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን የውድድሩ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ ካጠለቁት 12 ተጫዋቾች መካከል ሁለቱ፣ ማችቫንና ስቴፋን ማርኮቪች፣ በቭርሻትስ ያደጉ ናቸው። እነርሱ ሜዳሊያውን ባጠለቁ ጊዜ ግን ያሳደጋቸው ክለብ በሄሞፋርም ስም መጠራቱ ከቀረ አራት ዓመት አልፎታል፤ የሚጫወተውም በአገር ውስጥ ሊግ ብቻ ነበር።

ክቡር ሚኒስትር፣ የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የጀርመኑ ስታዳ ኩባንያ በ2006 ሄሞፋርምን ገዛ። ለጊዜው ክለቡ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ በ2008 ለአድሪያቲክ ሊግ ፍጻሜ እንደገና ደርሶ በፓርቲዛን ተሸነፈ። ነገር ግን ስለ ክለቡ ገንዘብ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው አካል ከዚያ በኋላ በቭርሻትስ የሚኖር ሰው አልነበረም። የፋብሪካው ድጋፍ ቆመ፤ ክለቡም በ2012 ወደ ከተማዋ ስም ተመለሰ። የከተማን ስም መልሶ መያዝ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም በዚያ ጊዜ የተመለሰው ስሙ ብቻ ነበር። ዋንጫዎቹ፣ የኮራች ፍጻሜው፣ የተጫዋቾቹ ዝና ሁሉ በዓለም መዝገብ ላይ የተጻፉት በመድኃኒት ፋብሪካው ስም ነው። ዛሬ ቭርሻትስ የሚል ስም ያለው ቡድን ሲጫወት የሚያይ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ይህ ቡድን ፓርቲዛንን በቤልግሬድ አሸንፎ የቀጣናው ሻምፒዮን እንደነበር የሚነግረው ሰው ካላገኘ በራሱ ሊያውቅ አይችልም።

ይህ የቭርሻትስ ብቻ ችግር አለመሆኑን መሥሪያ ቤትዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። የአድሪያቲክ ሊግን በ2004፣ በ2005ና በ2006 ያሸነፉትን ብንቆጥር፣ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ዓመት ዋንጫ የወሰደው በብረታ ብረት ፋብሪካ ስም የሚታወቀው የዤሌዝኒኩ ኤፍኤምፒ ነው፤ በ2004 ያሸነፈው እንዲያውም ሬፍሌክስ በሚል የስፖንሰር ስም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋንጫው ከታላላቆቹ እጅ ወጥቶ በፋብሪካ ስም ወደሚጠሩ ክለቦች ሄደ። በ2011 ነባሩ ኤፍኤምፒ ከሌላው የቤልግሬድ ታላቅ ክለብ ከሬድ ስታር ጋር ተዋሐደ፤ በ2012 ደግሞ የሄሞፋርም ስም ጠፋ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት ሻምፒዮኖች ከነስማቸው ከቦታቸው ለቀቁ ማለት ነው።

በአንጻሩ ስማቸውን ያልሰጡ የትንንሽ ከተሞች ክለቦችን እንመልከት። የቻቻኩ ቦራትስ ዋንጫ በመሰብሰብ ከቭርሻትስ አይበልጥም፤ ነገር ግን ድራጋን ኪቻኖቪችና ዘጠኝ ጊዜ የአውሮፓ ክለቦች ሻምፒዮን የሆነው አሠልጣኝ ዤልይኮ ኦብራዶቪች ከየት እንደወጡ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ መልሱን ያገኘዋል፤ ክለቡ ዛሬም በዚያው ስም አለና። የክራሊዬቮው ስሎጋም እንዲሁ ነው። ቭላዴ ዲቫትስ ወደ ፓርቲዛን፣ ከዚያም በ1989 ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ከመሄዱ በፊት የተጫወተበት ክለብ መሆኑን የማያውቅ የከተማው ሰው አይገኝም። ስሎጋ ከዓመታት በፊት ለአንድ ኩባንያ ስሙን ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ዲቫትስ ዛሬ የሚጠራው የዚያ ኩባንያ ልጅ ተብሎ ነበር።

ስፖንሰር ስሙ ካልተሰጠው ገንዘቡን አያወጣም የሚል መከራከሪያ እንደሚቀርብ አውቃለሁ፤ በእኛም አገር ክለቦች በባንክ፣ በመብራት ኃይልና በሲሚንቶ ፋብሪካ ስም ስለሚጠሩ ክርክሩ ለእኔ አዲስ አይደለም። ሆኖም መልሱ እዚያው ቤልግሬድ ውስጥ አለ። ፓርቲዛንም ሬድ ስታርም የውርርድ ድርጅቶችን ስም ይዘው ተጫውተዋል፤ የድርጅቱ ስም የተቀመጠው ግን ከክለቡ ስም ቀጥሎ ነው፤ ገንዘቡም አልቀረም። ታላቅ ክለብ ስሙን ሳይለቅ ገንዘብ የሚያገኘው ሊደራደር የሚችል ጉልበት ስላለው ነው፤ የቭርሻትስ ዓይነቱ ክለብ ይህ ጉልበት ስለሌለው፣ ታላቁ በገዛ አቅሙ ያስከበረውን ለትንሹ ሕግ ሊያስከብርለት ይገባል። የስፖንሰር ስም የሚጨመር እንጂ የሚተካ እንዳይሆን ማድረግ ለመንግሥት ምንም ወጪ የለውም።

የታዳጊ ማሠልጠኛው ጉዳይ ግን ወጪ አለው፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ለዋናው ቡድን የሚከፈል ደመወዝ ስፖንሰር ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ተጫዋቹም ሌላ ክለብ ይፈልጋል። የ13 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ክለብ ፍለጋ የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ አሠልጣኙ ደመወዙ ከተቋረጠ የልጁም ሥልጠና ያበቃል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ ወጣት ተጫዋች ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ያሳደገው ክለብ ካሳ የሚያገኝበት ደንብ አለው፤ ይህ ግን የሚጠቅመው ተጫዋቹ ካደገ በኋላ ነው። የጎደለው ከዚያ በፊት ላሉት ዓመታት የሚሆን ዋስትና ነው። ስለዚህ በክለብ ላይ ስሙን የሚያስቀምጥ ኩባንያ በየዓመቱ ከሚሰጠው ገንዘብ የተወሰነውን ከዋናው ቡድን በጀት ውጭ ለታዳጊዎች ብቻ በሚውል ሒሳብ እንዲያስቀምጥ፣ ውሉን ለማቋረጥም ቢያንስ አንድ የውድድር ዓመት አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ይደረግ እላለሁ። ሒሳቡን የከተማው አስተዳደር ከፌዴሬሽኑ ጋር ሆኖ ሊቆጣጠረው ይችላል። መጠኑን መወሰን የእናንተ ባለሙያዎች ሥራ ነው።

ታሪኩን መመዝገብን በተመለከተ ጊዜ የለም። ከጦርነቱ በኋላ ክለቡን ካቋቋሙት ቀጥሎ የመጣው ትውልድ፣ በ1950ዎቹ ሜዳ ላይ የነበረው፣ ዛሬ በሕይወት ያለው ከ80 ዓመት በላይ ነው። የእነዚያ ዓመታት ቃለ ጉባኤ፣ የነጥብ መዝገብና ፎቶግራፍ በግለሰቦች ቤት የተቀመጠ ከሆነ፣ ባለቤቱ ሲያርፍ ወረቀቱ ምን እንደሚደርስበት ማንም ዋስ አይሆንም። ሚኒስቴሩ በመጪው በጀት ለዚህ ጥቂት ገንዘብ መድቦ፣ ሥራውን ከቭርሻትስ ጀምሮ፣ የተሰበሰበው ሁሉ ክለቡ የተጠራባቸው ስሞች በሙሉ እየተጠቀሱ በሚሌኒየም አዳራሽ መግቢያ ላይ እንዲቀመጥ እለምናለሁ። የ2005ቱ ዋንጫ ከነፋብሪካው ስም ይቀመጥ፤ ከሥሩ ግን የከተማዋ ስምና የተመሠረተበት 1946 ዓመት ይጻፍ።

አገራችንና አገራችሁ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ከማርሻል ቲቶ ዘመን ጀምሮ የቆየ ወዳጅነት አላቸውና ይህን ድፍረቴን በዚያ ዓይን እንዲያዩልኝ እጠይቃለሁ። መሥሪያ ቤትዎ የሚሰጠውን መልስ፣ ደንቡም ከወጣ የደንቡን ጽሑፍ፣ ወደ አማርኛ መልሼ ለሙያ ባልደረቦቼ ለማዳረስ ዝግጁ ነኝ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
የታዳጊዎች ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ
አዲስ አበባ