ለቻይንኛ ክበብ መሪዎች

ውድ አባላት፣

በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች የቻይንኛ ክበብ ስትመሩ የመጀመሪያውን ወር ለድምፅ ብቻ እንድትሰጡት አደራ እንላለን። «ማ» በአንደኛው ቃና (የድምፅ ከፍታና ዝቅታ) እናት፣ በሦስተኛው ፈረስ፣ በአራተኛው መሳደብ ነው። ተማሪዎች ቃናን እንደ ጌጥ ያዩታል። «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ እንደሚለወጥ አስታውሷቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

ትልቁ እንቅፋት ፒንዪን ነው፤ በ1958 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የቻይንኛ የላቲን አጻጻፍ። ቁቤ (የአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል) የሚያነቡ ልጆች ኪውን «ቀ»፣ ኤክስን «ጠ»፣ ሲን «ጨ» ይሏቸዋል። በፒንዪን ኪው ወደ «ች»፣ ኤክስ ወደ «ሽ» ይቀርባሉ፤ ለሁለቱም የምላስ ጫፍ ከታች ጥርስ ጀርባ ያርፋል። ሲ ደግሞ ትንፋሽ የበዛበት «ትስ» እንጂ «ፀ» አይደለም። ቢን እና ፒን ለመለየት ቀጭን ወረቀት አፍ ፊት ይያዝ፦ በፒ ይርገበገባል፣ በቢ ግን እምብዛም አይነቃነቅም።

ለጽሕፈት ባለካሬ ደብተር ይበቃል። በክፍለ ጊዜ ከ5 የቻይንኛ የጽሕፈት ምልክት አትለፉ፤ መስመሮቹ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰመሩ። ቅደም ተከተሉን የዘለለ ልጅ በኋላ ምልክቶቹ ሲወሳሰቡ ይጠፉበታል። የድሮ ልማድን ማቃናት ከአዲስ ማስተማር ይከብዳል።

የቻይና አዲስ ዓመት በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚወሰን ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ይዋልላል። ከመንፈቅ ዓመት ፈተና ጋር እንዳይጋጭ ቀኑን መስከረም ላይ አጣርታችሁ ለርዕሰ መምህራን አሳውቁ። ለዝግጅቱ ቀይ ወረቀት፣ ቀለምና ብሩሽ በቂ ነው።