በአጥርሽ ላይ ስላረፈው ወፍ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሁለት ዓመት ዝም ብዬሽ ከምን እንደምጀምር ስለጨነቀኝ፣ ሳልመልስልሽ ከቀረው ጥያቄ ልጀምር። ቨርጂኒያ ካለው ቤትሽ፣ አጥር ላይ ያረፈ ወፍ ፎቶግራፍ ልከሽ «ይህ የእኛው ጭልፊት ነው?» ብለሽኝ ነበር። እማዬ ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረው በዚያው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ የማነሣው ለሐኪምና ለመድኃኒት ብቻ ሆነ። አልረሳሁሽም፤ ቀኑ በረዘመ ቁጥር ኀፍረቱም አብሮ ረዘመብኝ።

አሁን መልሱን አግኝቼዋለሁ። ያስተማረችኝ እማዬ ናት ማለት ይቻላል። መራመድ ሲያቅታት ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንድትሞቅ በረንዳው ላይ አስቀምጣት ነበር። ዓይኗ ከጫጩቶቿ አይነቀልም። ጥላ ባለፈ ቁጥር ከዘራዋን አንሥታ «ጭልፊት!» ትላለች። እኔም ከጎኗ ሆኜ ቀና ማለት ጀመርኩ። ለካ ጭልፊት እያልን የምንጠራው አንድ ወፍ አይደለም!

ጫጩት ነጣቂው መላ አካሉ ቡናማ፣ መንቆሩ ቢጫ፣ ጭራው ጫፉ ላይ እንደ መንሽ የተከፈለው ነው። ሲያንዣብብ ክንፉን ዘርግቶ ጭራውን ብቻ ወዲያና ወዲህ ያጣምማል። መንቆሩ ጥቁር ከሆነ ወይ ገና ያላደገ ነው፣ ወይ ብርዱን ሸሽቶ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣ ዘመዱ።

ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ሌላ ነው። ክንፉ ሰፊ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጭራው አጭርና እንደ ሸክላ የቀላ። ሆዱ ጥቁር የሆነም አለ፤ እኔ ብዙ ጊዜ በዚያ ተሳስቻለሁ። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1836 ስም ያወጣለት ከእኛው አገር ባገኘው ወፍ ነው። ይህ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል አዳኝ ነው። እማዬ ስንት ዓመት በከዘራ ስታባርር የኖረችው ባለውለታዋን ነበር። መርዝ የበላች አይጥ እሱንም ልትገድለው እንደምትችል ከተረዳን በኋላ ጓሮ ውስጥ የአይጥ መርዝ ማስቀመጥ ትተናል።

ሦስተኛውን ያየነው አንድ ቀን ብቻ ነው። ድንቢጦቹ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ዞር ስንል ከጌሾው ሥር፣ ከእኛ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ከእርግብ የማይበልጥ ጭልፊት አንዷን ድንቢጥ በጥፍሩ ይዞ ላባዋን ይነጫል። ደረቱ ቀላ ያለ፣ እግሩ ቀጭን፣ ዓይኑ ቢጫ። ላባው እየተነነ ጌሾው ቅጠል ላይ ይለጠፋል። ቀና ብሎ አየን፤ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። እማዬ ከዘራዋን አላነሣችም።

ያንቺው የዚህኛው ወገን ነው። ክንፈ አጭር፣ ጭራው ረጅም፣ በዛፍ መካከል እየተሽሎከለከለ ወፍ የሚያድን። ጀርባው ግራጫ፣ ደረቱ ቀይ ዥንጉርጉር፣ ዓይኑ ቀይ፤ ኩፐርስ ሆክ ይሉታል። እዚያው አገር በጣም የሚመስለው ሻርፕ ሺንድ ሆክ የሚባል ታናሽ አለው። በመጠን ብቻ አትፍረጂ፤ በእነዚህ ወፎች ሴቷ ከወንዱ ስለምትበልጥ የታናሹ ሴት የታላቁን ወንድ ልታክል ትቀርባለች። ጭራውን እዪ፦ የኩፐርስ ጫፉ ክብ ሆኖ ሰፋ ያለ ነጭ ጠርዝ አለው፤ የታናሹ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይመስላል። ፎቶግራፍሽ ላይ ያለው ክብ ነው።

መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ ደግሞ ጭራው የቀላ ትልቅ ጭልፊት ካየሽ ሰላም በይልኝ፤ ከእንጦጦው ጋር የአንድ ወገን ናቸው።

እማዬ አሁን በከዘራ እስከ በሩ ድረስ ትሄዳለች። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት። «ሌላ ከመጣ ጭራው እንዲታይ ከኋላው አንሥታ ትላክልን» ብላለች።

ያንቺዋ