የመከራ ግለ ታሪክ ሙሉውን ይነበብ፦ ለትምህርት ሚኒስትሩ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1944 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንድ የትምህርት ሚኒስትር በሬዲዮ ተናገሩ። ኼሪት ቦልከስታይን ይባላሉ። አገራቸው ኔዘርላንድስ በናዚ ጀርመን እጅ ስለወደቀች የሚናገሩት ከስደት፣ ከለንደን ነበር። በጦርነቱ ወቅት የተጻፉ የዕለት ማስታወሻዎችና ደብዳቤዎች እንዳይጣሉ፣ ሰላም ሲመጣ ለታሪክ እንደሚፈለጉ ተናገሩ። አምስተርዳም ውስጥ ከአንድ የንግድ ቤት ጀርባ ከናዚዎች ተደብቃ የምትኖር የ14 ዓመት አይሁዳዊት ልጅ ይህን ሰማች። አን ፍራንክ ናት። ለራሷ ብቻ ስትጽፈው የቆየችውን ማስታወሻ ሌላ ሰው እንዲያነበው አድርጋ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረች። ሳትጨርሰው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ተያዘች፤ በቀጣዩ ዓመት በናዚዎች እስረኛ ካምፕ ውስጥ ሞተች። ማስታወሻዋ በ1947 ታተመ። ዛሬም ተማሪዎች ያነቡታል።

ሚኒስትሩ ይህችን ልጅ አያውቋትም። በጀት አልመደቡላትም፤ መጽሐፍም አላሳተሙላትም። የተራ ሰው ጽሑፍ ዋጋ እንዳለው በአደባባይ ተናገሩ፣ በቃ። እርስዎም በዚያ ወንበር ላይ ስለተቀመጡ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዓመት አንድ ግለ ታሪክ፣ መከራን ያየ ሰው ራሱ የጻፈውን፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። በክፍል ውስጥ፣ ጊዜ ተመድቦለት።

«አሁንም እኮ ይነበባል» ይሉኝ ይሆናል። አዎ፣ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ግማሽ ገጽ ምንባብ አለ። እከሌ በድህነት ተወለደ፣ ተቸገረ፣ ጠንክሮ ተማረ፣ ታላቅ ሰው ሆነ። ከሥር አምስት ጥያቄ ይከተላል። አምስተኛው ሁልጊዜ «ከዚህ ታሪክ ምን ትማራላችሁ?» ነው። ተማሪውም መልሱን ምንባቡን ሳያነብ ያውቀዋል፤ «ጠንክሮ መሥራትን» ብሎ ይጽፋል፣ ማርኩን ያገኛል፣ ገጹን ይገልጣል።

እንዲህ ሲታጠር ምን እንደሚቀር ለማየት ፍሬድሪክ ዳግላስን እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ በባርነት ተወልዶ፣ በ1838 አምልጦ፣ በ1845 ታሪኩን ያሳተመ ሰው ነው። አጭሩ ምንባብ «ራሱን አስተማረ» ይላል። መጽሐፉ ግን እንዴት እንደተማረ ይነግረናል። ባልቲሞር ሳለ የቤቱ እመቤት ፊደል አስጀመረችው። ባሏ ሰማና ከለከላት፤ ባሪያ ማንበብ ከቻለ ባሪያ ሆኖ አይቀመጥም አላት። ልጁ ይህን ሰማ፤ መውጫው የት እንደሆነ ከጌታው አፍ አገኘ። ከዚያ በኋላ ዳቦ በኪሱ ይዞ እየወጣ ለተራቡ የሰፈር ነጭ ልጆች ይሰጣል፤ እነሱ ደግሞ ንባብ ያሳዩታል። መርከብ በሚሠራበት ቦታ በእንጨቶቹ ላይ የሚጻፉትን ምልክቶች እያየ መጻፍ ለመደ።

ይህን የሚያነብ የ15 ዓመት ልጅ «ጎበዝ ሰው» ከሚለው ወሬ በላይ የሚያየው ብልሃት ነው። አንድ በር ሲዘጋ ልጁ በየት በኩል እንደዞረ በዓይኑ ያያል። ሌላም ነገር ያገኛል። ዳግላስ ማንበብ ከቻለ በኋላ ወዲያው ደስተኛ አልሆነም። ያለበትን ሁኔታ በደንብ ስለተረዳ ባሰበት። ማንበቡ አንዳንዴ እርግማን እንደመሰለው፣ ምንም የማያውቁትን ጓደኞቹን እንደቀናባቸው በግልጽ ጽፏል። ይህ ገጽ በየትኛውም ማጠቃለያ ውስጥ አይገባም፤ ምክንያቱም ለጥቅስ አይመችም። መማር የጀመረና ግራ የገባው ተማሪ ግን ራሱን የሚያገኘው እዚህ ገጽ ላይ ነው።

ያስተማሩትን ልጆች ስምም በመጽሐፉ አልጻፈም። ባሪያን ማስተማር እንደ ከባድ ጥፋት ስለሚቆጠር ችግር እንዳይደርስባቸው ነው። እንዴት እንዳመለጠም በ1845 አልተናገረም፤ ያንን መንገድ የሚፈልጉ ሌሎች አሉና። ሙሉውን የተናገረው ባርነት ከቀረ ከዓመታት በኋላ፣ በ1881 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ስለ ኃላፊነት ለተማሪ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ካለ ይንገሩኝ።

የአን ፍራንክም ማስታወሻ መጀመሪያ ሲታተም አባቷ የተወሰኑ ክፍሎችን ቀንሰው ነበር፤ ስለ እናቷ በቁጣ የጻፈቻቸውን ጭምር። በኋላ ተመልሰው ገቡ። እነዚያ ገጾች ለወጣት አንባቢ ትልቅ ነገር ናቸው። ከሞት ተደብቃም ከእናቷ ጋር የምትኳረፍ ልጅ ናት። ሐውልት አይደለችም። ሐውልት ይከበራል እንጂ ማንም «እኔም እችላለሁ» ብሎ አይነሳበትም።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዋ ሺያዶንግ ሊን-ሲግለርና ባልደረቦቿ በ2016 ያሳተሙት ጥናት አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ 402 የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ አንስታይን፣ ስለ ማሪ ኩሪና ስለ ማይክል ፋራዴይ አነበቡ። አንዱ ቡድን የሳይንቲስቶቹን ስኬት ብቻ አነበበ። ሌላው በሥራቸው እንዴት እንደወደቁና እንደገና እንደሞከሩ፣ ሦስተኛው በኑሯቸው ያዩትን ችግር አነበበ። ትግሉን ያነበቡት በሳይንስ ውጤታቸው ስኬቱን ብቻ ካነበቡት በለጡ። ለውጡ የጎላው ደግሞ ቀድሞ ዝቅተኛ ውጤት በነበራቸው ተማሪዎች ላይ ነው። ሰነፍ ብለን የተውናቸው ልጆች ማለት ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናስነብባቸው የስኬቱን ወሬ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። የመከራ ታሪክ በእጃችን ሲገባ እንደ አለንጋ መጠቀም እንወዳለን። «እሱ በረሃብ ተምሯል፣ አንተ ጠግበህ በልተህ ምን ሆንኩ ትላለህ?» ይህን ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ልጁ በዚህ አይነሳሳም፤ ያፍራል። ባስ ሲልም መጽሐፉን ይጠላል። ጠግቦ ይበላል ያልነው ልጅ ደግሞ ማታ ምን እንደበላ አናውቅም።

ከዚህም የሚከፋ አለ። የመከራ ግለ ታሪክ የእኛን ሥራ አለመሥራት ማድበስበሻ ሊሆን ይችላል። ቤተ መጻሕፍት የለም፣ ወንበር የለም፣ መምህር የለም፤ «ግን እከሌም እንዲሁ ሆኖ ነው ለዚህ የበቃው» ይባላል። ክቡር ሚኒስትር፣ እባክዎ ይህን አባባል ከየትኛውም መድረክ ላይ እንዳይናገሩት። መከራ ሰው አይሠራም። ከመከራ ተርፎ የጻፈውን እናነባለን እንጂ ተሰብሮ የቀረው መጽሐፍ የለውም።

እንዲያውም እነዚህ መጻሕፍት በጥንቃቄ ከተነበቡ የሚመሰክሩት ተቃራኒውን ነው። ማላዊያዊው ዊሊያም ካምክዋምባ በ2009 በወጣው ግለ ታሪኩ የሚነግረንን እንይ። በ2001 እና 2002 አገሩን ረሃብ መታ። ቤተሰቡ የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል አቃተውና ሁለተኛ ደረጃን ገና የጀመረው ልጅ ቤት ዋለ። ከዚያ ወደ አንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመረ፤ በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት የነበሩበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ነው። ስለ ኃይል የሚያስተምር መጽሐፍ አገኘ። እንግሊዝኛው ብዙም ስላልሆነለት ሥዕሎቹን እያየ ተረዳ። ከብስክሌት አካል፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከፕላስቲክ ቧንቧ በነፋስ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሠራ። ሰፈሩ አብዷል ብሎት ነበር፤ አምፖሉ ሲበራ ዝም አለ።

ሁሉም ሰው የልጁን ብርታት ያወራል። ይገባዋል። እኔ ግን ይህን መጽሐፍ ለተማሪ ባስነብብ ሁለት ጥያቄ አስነሳለሁ። መደርደሪያው ላይ ያ መጽሐፍ ባይኖርስ? ደግሞስ ያን ዓይነት ጭንቅላት ያለው ልጅ በክፍያ ምክንያት ከክፍል መውጣት ነበረበት? ሁለቱም ጥያቄዎች የሚቀርቡት ለተማሪው አይደለም፤ ለእርስዎ ቢሮ ነው። ለዚህም ነው ደብዳቤዬን ለእርስዎ የጻፍኩት።

አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ማያ አንጀሉ በ1969 ያሳተመችውን ግለ ታሪክም ቢያነቡት እንዲሁ ነው። በልጅነቷ ከደረሰባት ጥቃት በኋላ አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከሰው ጋር መናገር አቆመች። ዝምታዋን እንድትሰብር የረዳቻት አንዲት የሰፈር ሴት ናት፤ ቤቷ ጠርታ መጽሐፍ አዋሰቻት፣ ጮክ ብላ እንድታነብም አደረገቻት። በየመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ በር የከፈተ ሰው አለ። ተማሪው ይህን ሲያይ የሚማረው ጥርሱን ነክሶ መቻልን ብቻ አይደለም። እርዳታ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ያያል። ለክፍል ጓደኛውም እሱ ራሱ ያ ሰው ሊሆን እንደሚችል ያያል።

የአንጀሉ መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ተደጋግሞ አቤት የተባለበት ነው። እዚህም ወላጆች ይህን ሊያነሱ ይችላሉ፣ መብታቸውም ነው። ከባድ ገጾች አሉ። ለየትኛው ዕድሜ የትኛው መጽሐፍ ይሁን የሚለው በጥንቃቄ መታየት አለበት። ነገር ግን ከባድ ገጽ የሌለው የመከራ ታሪክ የለም። መምህሩ ከንባቡ በፊት ምን እንደሚመጣ ይናገር። አንድን ምዕራፍ ማለፍ የፈለገ ተማሪ ምክንያት ሳይጠየቅ ይለፍ፤ ምናልባት ያ ታሪክ የራሱ ታሪክ ይሆናል። «አንተስ ምን ደርሶብሃል?» ብሎ በክፍል ፊት ማስነሳት ግን ፈጽሞ መከልከል አለበት። ሰው ቁስሉን የሚያሳየው ሲፈልግ ነው። መጻፍ የፈለገ ይጻፍ፤ ማን እንደሚያነበው ራሱ ይወስን።

በጽሑፍ የሚሆነውን ለማየት ሎንግ ቢች ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1994 ጀምሮ የተደረገውን መመልከት ይበቃል። ኤሪን ግሩዌል የምትባል ጀማሪ መምህርት ሌሎች ተስፋ የቆረጡባቸው ተማሪዎች ተሰጧት። የወሮበላ ቡድኖች ግጭት ጓደኞቻቸውን የቀጠፈባቸው ልጆች ናቸው። የአን ፍራንክንና በሳራዬቮ ጦርነት ውስጥ የነበረችውን የዝላታ ፊሊፖቪችን ማስታወሻ አነበቡ። ከዚያ የራሳቸውን መጻፍ ጀመሩ፤ በ1999 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። መምህርቷ መጻሕፍቱን ለመግዛት ትርፍ ሥራ ይዛ ነበር። ይህን ስንሰማ እናጨበጭባለን። እኔ ግን አንድ መምህር ለክፍሉ መጽሐፍ ለመግዛት ሁለተኛ ሥራ መያዝ የለበትም ባይ ነኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለንባብ ብቻ ይመደብ። መጽሐፉ ተማሪው በደንብ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን፤ ጥሩ ትርጉም ከሌለ ጥሩ ተርጓሚ ተከፍሎት ይሥራ። ለሁሉም ባይዳረስ ለሁለት ተማሪ አንድ ቅጂ ይድረስ። ፈተና ላይ አይምጣ፤ ከመጣም «ምን ትማራላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይቅር። «ጸሐፊው እዚህ ላይ ለምን ዝም አለ?» ቢባል ይሻላል፤ ያንን ያላነበበ አይመልሰውም። ለመምህራን ወርክሾፕ ይዘጋጅ አላልኩም። ወርክሾፕ በቅቶናል። መጽሐፉን ከተማሪዎቻቸው ቀድመው የሚያነቡበት ጊዜና ቅጂ ይሰጣቸው።

ስለ ምርጫው አንድ ነገር ልበል። ኮሚቴ ብቻውን ከመረጠ ሁሌም ዝነኛ ሰው ይመርጣል፤ መሪ፣ ተሸላሚ፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ። ዝነኛ ሆኖ ያልጨረሰ ሰውም ይግባ። ሥራ የሌለው፣ ከስደት የተመለሰ፣ ከሕመም ጋር የሚኖር፣ ልጅ ማሳደግ ብቻ የቻለ ሰው የጻፈው። መሥሪያ ቤትዎ አጭር ዝርዝር ያውጣ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ግን መምህሩና ተማሪዎቹ ተነጋግረው ይምረጡ። በ9ኛ ክፍል ተጀምሮ፣ በጥቂት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓመት ተሞክሮ፣ ያነበቡት ልጆች ራሳቸው ምን እንዳሉ ተሰምቶ ይስፋ ወይም ይቅር።

መልስዎን እንደ ደብዳቤዬ በግልጽ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል። «አይሆንም» ከሆነም ምክንያቱን እንወቀው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ የቋንቋ መምህር