ስለ አንተ የማወራው አርጅቷል

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔም ቤተሰቤም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ዘንድሮ ከብዶን ነበር። አሁን ኅዳር ገብቷል፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ማለዳ ማለዳ የጎንደር ብርድ ይቆነጥጣል። እናትህን ቅዳሜ ገበያ አግኝቻቸው ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ብርቱ ናቸው። አድራሻህን የሰጡኝም እሳቸው ናቸው።

ስንት ዘመን እንደተጠፋፋን አልቆጥርም፤ አንተም አትቁጠር። የምጽፍልህ አክስቴ ስላረፈች ነው። ተማሪ ሳለን "በላችሁ ወይ?" ብላ ሳትጠይቅ ምግብ የምታቀርብልን፣ በርበሬ ነጋዴዋ አክስቴ። ነሐሴ ላይ ነው፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ። ጥሩምባው ተነፋ፣ እድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። እኔም ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ሌሊቱን በሐሳቤ ካንተ ጋር ስከራከር አደርኩ።

ክርክሩ የድሮው ነው። "እዚህ ከተማ ሰው ነጻ ሊሆን አይችልም" ትል ነበር። ከፒያሳ ቅዳሜ ገበያ እስክንደርስ ስንቱ ሰው ሰላም ይለናል፤ ሁሉም የማን ልጅ እንደሆንን፣ ወዴት እንደምንሄድ፣ ማታ ከማን ጋር እንደታየን ያውቃል። አንተ ይሄ ያንቅህ ነበር። የፈረንሳዊው ፈላስፋ የሳርትር ተውኔት፣ ያ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ፣ እጃችን ሲገባማ መከራከሪያ አገኘህ። ሲኦል ማለት ሌላው ሰው ነው የምትለዋን መስመር ይዘህ ስንት ጊዜ አፋጠጥከኝ! ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን ያለኝ ይመስለኛል፤ ሙሉ ባይሆንም።

ተውኔቱን እስቲ መለስ ብለህ አስበው። በ1944 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለመድረክ ሲበቃ ከተማዋ ገና በጀርመን ጦር እጅ ነበረች። ሦስት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ይዘጋባቸዋል። መስታወት የለም። የዐይን ቆባቸው አይከደንም፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ማን እንደሆነ ለማወቅ ሌላውን መጠየቅ አለበት፤ ሌላው ደግሞ እንዳሻው ይፈርድበታል። አንተ የወደድከው ይህንን ነው። ስንከራከር ያላነሳነው ግን ሦስቱም ሙታን መሆናቸውን ነው። ሰውየው ፈሪ አልነበርኩም ይላል፤ አንዷ ሴት ፈሪ ነህ ትለዋለች። ፈሪ አለመሆኑን ሊያሳያት አይችልም። የሚያሳይበት ነገ የለውም። ክፍሉን ሲኦል ያደረገው ይኸው ነው። ሳርትር ራሱ በኋላ ይህችን መስመር ሲያብራራ፣ ከሰው ጋር ያለን ግንኙነት ሁሉ የተመረዘ ነው ማለቱ እንዳልነበረ ተናግሯል። ግንኙነቱ ሲጣመም፣ ሰው በሌላው ፍርድ ብቻ ሲኖር፣ ያኔ ሌላው ሲኦል ይሆንበታል። ምክንያቱን ሲሰጥም ራሳችንን ለማወቅ ከሌሎች የሚበልጥ አስፈላጊ ነገር የለንም ነው ያለው።

ወደ ድንኳኑ ልመልስህ። ቀብሩ በዋለ በማግስቱ ሰው ስለ አክስቴ ማውራት ጀመረ። "ዝምተኛ ነበረች። ታዛዥ ነበረች። ከሰው ቃል ወጥታ አታውቅም።" ደሜ ፈላ። አንተ ታውቃታለህ! ከደምቢያ በእግሯ የመጣችው ባሏን ጥላ ነው። ሽማግሌ እየተላከባት፣ የንስሐ አባቷ እየመከሯት፣ ወንድሞቿ እየዛቱባት "አልመለስም" ብላ የቀረች ሴት ናት። ጎንደር ስትገባ ዘመድ አልነበራትም። የሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በርበሬ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ ቸርችራ ነው ቤት የሠራችው፣ እኔንም ያስተማረችኝ። በሕይወት ብትኖር በአንድ ቃል ዝም ታሰኛቸው ነበር። አሁን ግን መልስ መስጠት አትችልም። የፈለጉትን ሊሏት ይችላሉ፤ እሷም የተባለችውን ሆና ትቀራለች።

የሳርትር የሞት ሐሳብ ያኔ ነው የገባኝ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃይደገር በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው፣ ሞት ከሁሉ በላይ የራሴ ነው ይላል። ማንም በእኔ ፋንታ ሊሞትልኝ አይችልም። ይህን ፊት ለፊት የተቀበለ ሰው ከመንጋው ወሬ ወጥቶ የራሱን ኑሮ ይኖራል። ሳርትር አልተስማማም። ለእሱ ሞት የእኔ አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣብኝ ነው። ነጻነቴ እዚያ ላይ ያበቃል። የሕይወቴ ትርጉም ግን አያበቃም፤ በሕይወት ባሉት እጅ ይገባል፣ እነሱም ያገላብጡታል። የእሱም ዕጣ ይኸው ሆነ። በ1980 እ.ኤ.አ. ሲሞት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በፓሪስ ጎዳና አስከሬኑን ሸኘው፤ ከዚያ ወዲህ ማን እንደነበር የሚከራከሩት ሌሎች ናቸው።

ልጆች ሳለን ቁስቋም ወጥተን ያየነው ትዝ ይልሃል? እቴጌ ምንትዋብ ያን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርታ፣ በልጇ በዳግማዊ ኢያሱና በልጅ ልጇ በኢዮአስ ዘመን አገር ስታዝ ኖረች። ሁለቱም ቀድመዋት ሞቱ፤ እሷ በ1773 እ.ኤ.አ. አረፈች። ዛሬ የሦስቱም አጽም እዚያው ተቀምጦ ጎብኚ ጎንበስ እያለ ያየዋል። ትእዛዟ በአገሩ ሁሉ ይሰማ የነበረች ሴት "አትዩኝ" ማለት አትችልም። ያኔ አንተ ዝም ብለህ ወጣህ፣ እኔ ፈዝዤ ቀረሁ። አሁን ሳስበው ከነገሥታቱ ታሪክ ይልቅ ይህ የሚገርመኝ ሆኗል።

ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሠልስቱ ገበያ ላይ ከአክስቴ ጎን የሚሸጡ አንዲት አሮጊት መጡ። ወሬውን ትንሽ ካዳመጡ በኋላ "ኧረ ወዲያ! እሷን ነው ታዛዥ የምትሉ?" አሉ። ሚዛን ሊያጭበረብራት የሞከረ ደላላን ገበያው መሐል እንዴት እንዳዋረደችው ተረኩ። ባሏ ሊመልሳት የመጣ ቀን ምን ብላ እንደሸኘችው ተረኩ፤ ያን እኔም አልሰማሁም ነበር። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እናቴ እያለቀሰች ሳቀች። እኒያ ሴትዮ አክስቴን ከወሬው እጅ ቀሙልኝ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ሌላው ሰው ነጻነቴን ሊያሳንሰው ይችላል፤ አልክድህም። ነጻነቴ በሚያበቃበት ቦታ ላይ ግን በነጻነት የሠራሁትን የሚጠብቅልኝ ያው ሌላው ሰው ነው። ያውም የሚያውቀኝ ሰው። አክስቴ ያን ሁሉ "አልመለስም" ያለችው ብቻዋን ሆና ነው፤ "አልመለስም" ማለቷ የቀረልን ግን አጠገቧ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ስለነበረች ነው።

አንተ የፈላስፋውን የዘርዓ ያዕቆብን ዋሻ ትወድ ነበር። ሐተታ በተባለው ጽሑፉ እንደተጻፈው በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ተከሶ ከአክሱም ሸሸ፣ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖረ። ከሊቃውንት ጋር ሳለ ካወቀው ይልቅ በዋሻው ብቻውን ያወቀው እንደሚበልጥ ይናገራል። (ጽሑፉ የእሱ ነው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመኑ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው፤ እኔን የያዘኝ ታሪኩ ነው።) አንተ ሁልጊዜ ዋሻው ላይ ታቆማለህ። እሱ ግን ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ መጣ፤ እዚሁ እኛው አጠገብ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ። ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ጸሐፊ ሆነ፣ ልጆቹን አስተማረ። በዚያ ቤት አገልጋይ የነበረችውን ኂሩትን አገባ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ፣ አገልጋዩ ሳትሆን ሚስቱ እንድትሆን። ሐተታውን በ1667 እ.ኤ.አ. የጻፈውም ተማሪው ወልደ ሕይወት ስለለመነው ነው። የሞቱን ነገር መጨረሻ ላይ የጨመረውም ያው ተማሪ ነው። ብቻውን ያሰበውን ለእኛ ያደረሰው በሰው መካከል የኖረው ኑሮ ነው።

ይሉኝታን እየካብኩልህ እንዳይመስልህ። ለቀብር ከመጡት ውስጥ የእድር ቅጣት ፈርቶ የመጣ እንዳለ አውቃለሁ። ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ደ ቦቯር በ1947 እ.ኤ.አ. የሞገተችው ይህንኑ ይነካል፤ ሰው ለራሱ ነጻነትን ሲሻ የሌላውንም ነጻነት አብሮ መሻት አለበት ትላለች። እኔም የማምንበት ይህን ነው። አሁን የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ያኔ ስብሰባ ላይ እጁን የማያነሳውን ሰው ብታየው! ከአክስቴ ሞት በኋላ ቀብር የቀረን ሰው መቅጣት ይቅር፣ ሰው ወዶ ይምጣ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። በድምፅ ተሸነፍኩ። ሽማግሌዎቹ "ቅጣቱ ከተነሳ ድሃው ብቻውን ይቀበራል" አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ እያሰላሰልኩበት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን እንደገና አነሳዋለሁ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ እመልሳለሁ። "እሱማ ብቸኝነት ይወዳል፣ ልቅሶ ቤት አይገባም፣ ቡናውን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው፣ ከሄደ አይመለስም" እላለሁ። በልቅሶው ሰሞን አንድ የድሮ ጓደኛችን ሲጠይቀኝ ይህንኑ ደገምኩለት። ድምፄ ስለ አክስቴ ከሚያወሩት ሰዎች ድምፅ ጋር ተመሳሰለብኝ። ስላለቀ ሰው የማወራ መሰለኝ። አንተ ግን በሕይወት አለህ፤ የምለውን ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ልታፈርሰው ትችላለህ። አክስቴ ያጣችውን አንተ አላጣህም። አንተም ምናልባት የእኔን የድሮ መልክ ይዘህ ለማን እንደምታወራ እንጃ። ዝምታው ከቀጠለ ሁለታችንም ሳንሞት አንዳችን በሌላችን ዘንድ እንደ ሙት እንወሰናለን። ይህን አልፈልግም።

ስለዚህ ጻፍልኝ። ከላይ ካልኩት የቱ ዛሬ ውሸት ነው? ማንም የማያውቅህ ከተማ መኖር አሁንም ደስ ይልሃል? ስትታመም በርህን የሚያንኳኳ ሰው አለ? ዐይኑ እንዳያንቅህ የምትፈራው ሰው እዚያ ጠፋ ወይስ ሌላ ተተካ? በሳርትር ላይ የሰጠሁት ፍርድ ካልተዋጠልህም ተከራከረኝ፤ እንደ ድሮው አትራራልኝ።

ጥምቀት መምጣት ከቻልክ እሰየው። ካልሆነልህም ስልክህን ላክልኝ። እናትህ ዘንድ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፤ በእኔ ስልክ እናገናኝሃለን።

ወንድምህ፣
ጎንደር