ለትንሹ አቃቂ ዳር ማሳዎች የአፈር ምርመራ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ጎረቤቶች፣ ውጭ ያላችሁ የሰፈራችን ልጆችም፣

በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ያሉት የአትክልት ማሳዎች አፈር እንዲመረመር ገንዘብ እያሰባሰብን ነው። ወንዙ የፋብሪካና የጋራዥ ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል። በዚሁ ውኃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማል። ተመራማሪዎች በአቃቂ ዳር አፈርና አትክልት ውስጥ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ የሚባሉ መርዛማ ከባድ ብረቶች እንዳገኙ ደጋግመው ጽፈዋል።

ምርመራውን የምንጀምረው በመሬት ትል ነው። ትል አፈር ይበላል፣ በእርጥብ ቆዳው ይተነፍሳል። መርዙ በአፉም በቆዳውም ይገባበታል። ብዙዎቻችን ቆፍረን ትል ካየን "አፈሩ ደህና ነው" እንላለን። ይሄ አይበቃም! ከባድ ብረት ብዙ ጊዜ ትሉን ከመግደሉ በፊት መራባቱን ነው የሚጎዳው። ትሉ ይከሳል። የሚጥለው እንቁላል ያንሳል። ትልልቆቹ በሕይወት እያሉ ተተኪ ይጠፋል። አፈሩን የሚያላላልን፣ ውኃ የሚያሰርግልን እሱ ነበር። ካድሚየም ደግሞ በትሉ ገላ ውስጥ ይከማቻል፤ ዶሮዎቻችሁን ወንዝ ዳር የምትለቁ ይህን አስቡበት።

ሙከራው ቀላል ነው። 10 ያደጉ ትሎች ከማሳው አፈር ጋር ዕቃ ውስጥ ይገባሉ። ከ28 ቀን በኋላ ወጥተው ይመዘናሉ። አፈሩ ሌላ 28 ቀን ይቆይና የተፈለፈሉት ይቆጠራሉ። ጎን ለጎን በንጹሕ አፈር ያው ይደገማል፣ ለማነጻጸር። ገንዘብ የሚፈልገው ላቦራቶሪው ነው። ትሉ ችግር እንዳለ ያሳያል እንጂ የትኛው ብረት ምን ያህል እንደሆነ አይነግረንም።

"ዝም ብለን ኮምፖስት እንግዛ" ያሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ኮምፖስት ብረቱን በከፊል ይይዘው ይሆናል፤ ብረት ግን አይበሰብስም፣ እዚያው ይቆያል። መጀመሪያ የትኛው ማሳ ላይ ቅጠላ ቅጠል መዘራት እንደሌለበት እንወቅ። ገበሬዎቹን ከማሳቸው ለማስነሳት አይደለም፣ እንጀራቸው ነው። ውጤቱንም ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው።

100 ብርም ትሁን፣ ለእድራችን ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ውጭ ያላችሁ በቤተሰብ በኩል ላኩ። ገንዘብ ያልተመቸው ክዳን ያለው ባልዲ ያምጣ፣ ወይም ናሙና ሲቆፈርና ትል ሲቆጠር ያግዘን። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ማሳውን ደለል ያለብሰዋል። ናሙናውን ከዚያ በፊት መውሰድ ስላለብን መዋጮውን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አድርሱልን።