አገር በቀል ነው፤ አገሩ ግን የት ነው?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ጤና ይስጥልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት አንኮበር በኩል ነው። አሁን አዳማ፣ ልጄ ቤት ነው ያለሁት። የምጽፍላችሁ ስለ ኮሶ ዛፍ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት ከሰፈራችን ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ችግኝ አስተከለ። ሰው በነቂስ ወጣ። እኔም ጉልበቴን እያሻሸሁ ወጣሁ። ከመኪናው የሚወርደውን ሳይ ግማሹ ኮሶ ነው። የሚያስተባብረውን ልጅ ጠጋ ብዬ «ልጄ፣ ይሄ እዚህ አይሆንም፤ ደጋ ውሰዱት» አልኩት። «እማማ፣ አገር በቀል እኮ ነው!» አለኝና ፎቶ ወደሚነሱት ሄደ። ልክ ነው፣ አገር በቀል ነው። አገሩ ግን አዳማ አይደለም። ሹፌሩን ከየት አመጣችሁት ብዬ ስጠይቀው ከደብረ ብርሃን በኩል አለኝ። ከገዛ አገሩ ጭነው አመጡት ማለት ነው። ኅዳር ላይ ወጥቼ አየሁት። የቀረው የደረቀ እንጨት ብቻ ነው።

ይህን ሰምቼ አይደለም የምለው። ራሴ ሞክሬ ተቃጥዬበታለሁ።

ኮሶ የሚወደው ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው። ጉም የሚወርድበት፣ ሌሊቱ የሚቆረጥምበት ቦታ። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ናት። ይህን እያወቅኩ ነው የሞከርኩት። ምን ላድርግ፣ ናፈቀኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በየካቲት እህቴ ከጓሮዋ አንድ ዘለላ የኮሶ አበባ በጨርቅ ቋጥራ በሹፌር ላከችልኝ። የሴቷን፣ ቀላ ያለውን። ኮሶ ወንዱ ሌላ ዛፍ ነው፣ ሴቷ ሌላ። ዘር የምትሰጠው ሴቷ ናት፤ ለመድኃኒትም የምትፈለገው እሷ ናት። ጥላ ላይ አድርቄ በመዳፌ አሸሁትና በወንፊት ነፋሁት። ዘሩ ደቃቅ ነው። ብታስነጥሱ ይበተናል።

ቸኩዬ መጋቢት ላይ ግማሹን ዘራሁ። በ16ኛው ቀን ብቅ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በሳምንቱ አንገቱ ላይ እየቀጠነ ይወድቅ ጀመር። ጠዋት ቆሞ ያየሁት ማታ ተኝቷል። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ሻጋታ ይበላዋል። ውኃ ያበዛሁበትም እኔው ነኝ፣ ሙቀቱን ፈርቼ። ስንት ዓመት የሠራሁበትን ሥራ! አንድም አልተረፈ።

የቀረውን ነሐሴ ላይ ዘራሁት። ከዚያ በላይ ማቆየት አይቻልም፤ የኮሶ ዘር ቤት ውስጥ ሲከርም ይሞታል። አምስት ሊትር ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቄ ታቹን በሚስማር በሳሁት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ አደረግኩ። ከመዝራቴ በፊት የፈላ ውኃ ደፋሁበትና አቀዘቀዝኩት፣ ሻጋታው እንዲሞት። ዘሩን ላዩ ላይ በትኜ፣ ወጥ ላይ መከለሻ እንደሚነሰነስ፣ በጣቴ ስስ አሸዋ ነሰነስኩበት። ከላይ ጠብታ ውኃ አላፈሰስኩም። ጀሪካኑን ሳፋ ውስጥ እያስቀመጥኩ ከታች እንዲጠጣ አደረግኩት። በላዩ አሮጌ ሰሌን ዘረጋሁ። ልጄ «እማዬ፣ ለኔ እንኳን እንዲህ አልሆንሽም» ትለኛለች።

43 በቀለ። 19ኙ ፕላስቲክ ውስጥ ለመግባት በቃ። ከዚያ ጥር ላይ ያ ነፋስ መጣ፤ አዳማ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን እሳት እንደላሰው ወረቀት ሆነ። አራት ቀረ። ዛሬ ሁለት አለኝ። የሚሻለው ከቤቱ በስተምሥራቅ ያለው ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ አይደርስበትም፣ ጎመን የታጠበበት ውኃም ወደሱ ነው የሚፈሰው። ቁመቱ እስከ ትከሻዬ ነው። እህቴ በዚያው ዓመት የተከለችው የማድ ቤቷን ክዳን ሊያልፍ ነው።

እና ይቻላል። እንደ ሕፃን ታዝሎ ያድጋል። ጠጠር ኮረብታ ላይ ተተክሎ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ግን አይሆንም። የኔዎቹም ያብቡ አያብቡ እግዜር ይወቅ። ወንድ ይሁኑ ሴት የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ጎረቤቴ ግን ካሁኑ «ሴቷ ናት? ስታብብ ለኔ አስቀምጪልኝ» ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሬ ሥጋ የማይቀርባቸው ሰው ናቸው። አያቴ በየሁለት ወሩ ኮሶ ትጠጣ ነበር። አበባው ተወቅጦ ማታ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ተከናንባ፣ መደብ ላይ ተኮራምታ ትውላለች። እኛ ልጆቹ ኮሽ አንልም። «ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ እንግዳ ከበር ይመለሳል፤ ገንዘብ ያበደረም ሰው ቢሆን። አሁን ግን ጤና ጣቢያ ክኒን አለ። ኮሶ መጠኑን ካለፈ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ይህንኑ ነገርኳቸው። ተቀይመው ሁለት ቀን ሰላምታ ነሱኝ።

እኔ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። እኛ ጣቢያ በየችግኝ መደቡ ራስጌ ቁራጭ ቆርቆሮ ነበረች። የዛፉ ስም፣ ዘሩ የመጣበት ቦታ፣ የተዘራበት ወር ይጻፍባታል። ችግኙ ሲጫን ያ ነገር አብሮ ይሂድ፣ ከፍታውም ይጨመርበት። የሚቀበለው ሰው አንብቦ «ይሄ የኛ አይደለም» ማለት ይችላል። ለአዳማ ግራር አለ፣ ሽፈራው አለ፤ ምን ጠፍቶ ነው? እያንዳንዷን ፕላስቲክ አፈር የሞላች፣ ያረመች፣ ውኃ ያጠጣች ሴት አለች። እኔ ነበርኩ እሷ።

ዘንድሮም የኮሶ ችግኝ ተርፎ ወደዚህ ሊጫን ከሆነ፣ እባካችሁ ወደ አንኮበር መልሱት። እህቴ ጓሮ ለሃያ የሚሆን ቦታ አለ። ጉድጓዱን እስከ ሰኔ እናስቆፍራለን።

ከሰላምታ ጋር
ጡረተኛዋ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከአዳማ