ቀዳዳው ከመደፈኑ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኮርኒሱ ውስጥ የሌሊት ወፍ የገባበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «አጭስበትና ቀዳዳውን ድፈነው» የሚል ነው። ምክሩ በተለይ በወሊድ ወቅት ጉዳቱ ይከፋል። አብዛኞቹ ዝርያዎች በዓመት የሚወልዱት አንድ ግልገል ብቻ ነው፤ ነፍሳት የሚበሉት ትናንሾቹ ዝርያዎች ግልገል ደግሞ ለመብረር ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል። እስከዚያው እናቲቱ ለአደን ስትወጣ እሱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ማታ ቀዳዳው ከተዘጋ ግልገሎቹ እዚያው ሞተው ይሸታሉ፤ እናቶቹም ሌላ መግቢያ ሲፈልጉ መኖሪያ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ።

እንደ አይጥ ቆጥሮ መርዝ ማስቀመጥም ከንቱ ነው። ነፍሳት በል የሌሊት ወፍ የተቀመጠለትን አይበላም፣ እንጨትም አይሰረስርም፤ የሚገባው ቀድሞ በነበረ ክፍተት ነው። ለትናንሾቹ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይበቃቸዋል። የቆየ መግቢያ ጠርዙ ቅባት እንደነካው ይጠቁራል፤ ከሥሩም ኩስ ይጠራቀማል። የደረቀው ኩስ ሲጫኑት ይደቅቃል፣ የነፍሳት ስባሪም ያብለጨልጭበታል። የአይጥ ግን ጠንካራ ነው።

ግልገሎቹ መብረር ከጀመሩ በኋላ ፀሐይ ስትጠልቅ ውጭ ቆሞ የሚወጡበትን ማየት ነው፤ ቤቱ ሰፊ ከሆነ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከዋናው መውጫ በስተቀር ሌላው ክፍተት ይደፈናል። በመውጫው ላይ ዓይኑ ከ4 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ መረብ ላዩና ሁለቱ ጎኖቹ ተይዘው፣ ታቹ ክፍት ሆኖ፣ ከቀዳዳው በታች 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንጠለጠላል። የምትወጣው በመረቡ ሥር ወደ ታች ተስባ ትበራለች፤ ስትመለስ ግን በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ስለምትመጣ መረቡ ያግዳታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መረቡን ግድግዳው ላይ ወጥሮ መለጠፉ ነው፤ ላላ ካላለ መሳቢያ ቦታ አይኖርም። ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ። ዝናብና ብርድ ባለበት ሌሊት ነፍሳት ስለማይበሩ እነሱም ላይወጡ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለው ሌሊት አይቆጠርም።

ክፍል ውስጥ የገባችውን በመጥረጊያ ማሳደድ አያስፈልግም። ራስ ላይ ልታርፍ የምትመጣ የሚመስለው በጠባብ ቦታ ስትዞር ከፍታ ስለምታጣ ነው። የውስጡን በር ዘግቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ መብራቱን ማጥፋት ነው።

መሬት ላይ የወደቀችን ግን ማንም በባዶ እጁ አይንካ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ልትይዝ ትችላለች፤ ንክሻዋም ሳይታይ ሊቀር የሚችል ጭረት ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ክትባት ለመጀመር በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ኮርኒሱ ሲጸዳም ኩሱ በደረቁ አይጠረግ፤ በውስጡ የሚያድግ ፈንገስ ከብናኙ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። በውኃ አርሶ፣ ጓንትና አፍንጫ ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ ማስክ አድርጎ፣ በአካፋ ማንሳት ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ